ድምፅ የሌለው ሀብት

መኪና ገዝቶ ዝም ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመኪና ባለቤት ወደ ቤተሰቡ ሲመጣ ከሰፈሩ መግቢያ ጀምሮ መሰማት አለበት። ውሻ ይጮሃል፣ ልጆች ይሮጣሉ፣ ጎረቤት አጥር ላይ ይንጠለጠላል፣ እናት "መጣ መሰለኝ" ብላ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ጃፓኖች ሌክሰስ ሲቲ 200ኤችን ሲሠሩ ይህን ሁሉ ሥርዓት የነገራቸው የለም።

መኪናዋ ትንሽ ናት፣ ግን ባለማዕረግ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 ገበያ ገብታ በ2022 ምርቷ ቆሟል። ባለ 1.8 ሊትር የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አላት። ቤተዘመድ ካነሳን ሞተሯን የምትጋራው ከቶዮታ ፕሪየስ ጋር ነው፤ ይህን ግን ባለቤቱ ፊት አታንሱ።

ዋናው ጉድ ዝምታዋ ነው። አዲስ አበባ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ይዟት መጣ። ዘመድ ሁሉ ደጅ ቆሞ እያየ የማስነሻ ቁልፏን ተጫነ። ምንም የለም። አጎታችን ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ።

"አይዞህ ልጄ፣ እንገፋልሃለን።"

ጎረምሶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ከኋላ ተሰለፉ።

"ተነስታለች እኮ ጋሼ!"

"ወዴት ተነሳች?"

በባትሪ ብቻ ሹልክ ብላ ስትሄድ አክስቴ አማተበች። በኤሌክትሪክ ብቻ የምትሄደው በዝግታ፣ ለዚያውም ጥቂት መንገድ ነው። ከዚያ ቤንዚኑ ይረከባል። ሁለቱ ተዳምረው ጉልበታቸው 134 ፈረስ ነው ይባላል። እንጅባራ ላይ በጥር ጊዮርጊስ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ያየ ሰው ይህን እንዴት ይመን? 134 ፈረስ ያለ ኮቴ!

እንጅባራ ካልኩ አይቀር፣ የድምፅ ማጉያዎቿ የቀርከሃ ከሰል የተቀላቀለባቸው ናቸው። እኛ ወንበር ሠርተን መንገድ ዳር የምንሸጠውን ቀርከሃ እነሱ ሙዚቃ አስደመጡበት።

አንዲት ክብ መቆጣጠሪያ አለቻት። ወደ ስፖርት፣ ማለትም ወደ ፈጣን አነዳድ፣ ስትዞር ከመሪው ፊት ያለው የሰሌዳዋ ሰማያዊ ብርሃን ቀይ ይሆናል። አክስቴ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር።

"ምን ብለሃት ነው የተቆጣችው?"

አባይ በረሃ ላይ ግን ክብሯን አግኝታለች፤ እኔም እመሰክርላታለሁ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ፍሬን ሲያዝ በከንቱ የሚባክነውን ጉልበት መልሳ ባትሪዋ ውስጥ ታስገባለች። ባትሪዋ ትንሽ ስለሆነ ግን ገና ታች ሳትደርስ ይሞላል። ያኔ ማርሹን "ቢ" ላይ አድርጎ ሞተሩ እንዲይዛት ማድረግ ነው። ታች ጃፓኖች የሠሩት ድልድይ ይቀበላታል፣ የአገሯ ልጅ። ያጠራቀመችው ግን ደጀን ዳገት ላይ ያልቃል።

መከራዋ የተጀመረው ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ ነው። የአክስቴ ልጅ ሞኝነቱ፣ ቤንዚን እንደምትቆጥብ ለሁሉም ማውራቱ! በዘመድ ሂሳብ የምትቆጥብ መኪና ተጨማሪ ሰው መጫን የምትችል መኪና ናት። ለሕክምና የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ፊት ተቀመጡ። ከኋላ ሁለት ተማሪዎችና አንዲት ሞግዚት ገቡ። ቀጥሎ የጎጃም ነጭ ጤፍ መጣ፣ በርበሬ መጣ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ መጣች። የመኪናዋ ሆድ ወደ መሬት ወረደ። የቅቤው ቅል ብቻ ቦታ አጣ።

አጎታችን ጎንበስ ብለው የኋላውን ወለል በከዘራ መታ መታ አደረጉ።

"ከዚህ ሥር ምን አለ?"

"ባትሪው ነው ጋሼ።"

"በል እሱን አውጣና ቅቤውን አግባበት። ቤንዚን አለህ አይደል?"