ይድረስ ለክቡር ኤስኢሊኑክስ፦ የይለፍ ቃሉ እኮ ትክክል ነበር

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ሎግኢን የምትለው መስመር ላይ ተገትሬ ከመቅረቴ በስተቀር ደህና ነኝ።

በቅድሚያ ወግዎን ልጠብቅ። እርስዎ በሊኑክስ ማሽን ላይ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ፋይል መንካት እንደሚችል፣ በየፋይሉና በየፕሮግራሙ በተለጠፈ መለያ እያዩ የሚወስኑ የደህንነት ዘበኛ ነዎት። የተወለዱት በአሜሪካው ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ለሕዝብ ተለቀቁ፤ በ2003 ከሊኑክስ እምብርት፣ ከከርነል 2.6 ጋር ተዋሐዱ። አስተዳደግዎ ያስታውቃል፤ ብዙ ይጽፋሉ እንጂ ብዙ አይናገሩም።

ከእርስዎ በፊት ሩት፣ ማለትም የማሽኑ ሁሉን ቻይ አስተዳዳሪ፣ ዩአይዲ (የተጠቃሚ ቁጥር) ዜሮ ነበር፣ ዜሮን ደግሞ ማን ደፍሮ ይከለክል? ዛሬ ሩትም እንደ ማንም መለያውን ያሳያል። በዚህስ አልከራከርዎትም። የተጠለፈ የድር ሰርቨር ሩት ሆኖ እንኳ የይለፍ ቃሎቹን ፋይል እንዳያነብ ያደርጋሉ፤ እሰየው፣ እጅዎን ይባርከው።

የመግቢያው ሥርዓት ግን ጉድ ነው። ጌቲ የተባለው ፕሮግራም በራሱ ዶሜይን (እርስዎ በሰጡት የፈቃድ ክልል) ሆኖ ተርሚናሉን ይከፍታል፣ ስም ይጠይቃል። የይለፍ ቃል መርማሪውን ፕሮግራም፣ ሎግኢንን ሲጠራ ዶሜይኑ ወደ ሎካል_ሎግኢን_ቲ ይቀየራል። የይለፍ ቃሉ ሲስማማ ተርሚናሉ ራሱ አዲስ መለያ ይለጠፍበታል፤ ትእዛዝ ተቀባዩ ሼልም በተጠቃሚው ዶሜይን ይነሳል። ይህ ሁሉ ሽር ጉድ አንዲት ብልጭ ድርግም የምትል ጠቋሚ ለማየት!

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የሩት ይለፍ ቃል የጠፋበት ሰው ማሽኑ ሲነሳ አርዲ ነጥብ ብሬክ በምትባል፣ ማሽኑን ተነስቶ ሳያልቅ በምታስቆም የማስነሻ አማራጭ ሾልኮ ይገባል፣ በፓስወድ ትእዛዝ አዲስ ቃል ይሰጣል፣ ደስ ብሎት ማሽኑን መልሶ ያስነሳል። በዚያች ሰዓት ፖሊሲዎ (የደንቦችዎ ስብስብ) ገና አልተጫነም ነበርና አዲስ የተጻፈው ሻዶ፣ ማለትም የይለፍ ቃሎቹ ፋይል፣ ያለ መለያ ቀርቷል። ሎግኢን ሊያነበው ሲሄድ እርስዎ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ይነሳሉ፦ ደብዳቤው ልክ ነው፣ ፊርማውም ልክ ነው፣ ማህተም ግን የለውም።

መዝገብ ቤት እንኳ ማህተሙ መጉደሉን ይነግረናል። የእርስዎ ባለጉዳይ ግን ስክሪኑ ላይ የሚያነበው «ሎግኢን ኢንኮሬክት» ነው። በእርግጥ ይህን የተናገረው ሎግኢን ነው፣ እርስዎ የሉበትም፤ ሲከለክሉ እንጂ ሲዋሹ አልተያዙም። ምስኪኑ ጣቶቹን ይጠረጥራል፣ ካፕስ ሎክ ያያል፣ ፊደል በፊደል እየለቀመ ደግሞ ይጽፋል፣ በመጨረሻም ኪቦርዱን ይረግማል። እውነተኛው ምክንያት በዚህ ሁሉ ጊዜ «ኤቪሲ ዲናይድ» (ፈቃድ ተከልክሏል) ተብሎ የክልከላዎችዎ መዝገብ በሆነው ኦዲት ሎግ ውስጥ በሥርዓት ተመዝግቧል። ሎጉን ለማንበብ ምን ያስፈልጋል? መግባት!

መፍትሔው አውቶሪሌብል የምትባል በነጥብ የምትጀምር ባዶ ፋይል ነች አሉ። የፋይሎች ሁሉ መነሻ በሆነው ማውጫ ላይ ትቀመጥና ማሽኑ ሲነሳ እያንዳንዱን ፋይል አንድ በአንድ መለያ ይለጥፉለታል። ዲስኩ ትልቅ ከሆነ በአቦል የተጀመረው በበረካም አያልቅ። ከዚያ ደግሞ ሕዝቡ ለምን ሰትኤንፎርስ ዜሮ በሚል ትእዛዝ ክልከላዎን አቁሞ እንደሚያስተኛዎት ይገርመዎታል!

የምጠይቅዎ ፖሊሲዎን እንዲያላሉ አይደለም። ኮንሶሉ ላይ «የሻዶ መለያ ልክ አይደለም» የምትል አንዲት መስመር ትውጣ፤ መለያውን የሚያስተካክለውን ትእዛዝ፣ ሪስቶርኮኑን እኛው እናሄደዋለን።

ከሰላምታ ጋር
ዩአይዲ ዜሮ

ግልባጭ
ለኦዲት ሎግ፣ ገብቶ ማንበብ ለቻለ