ለዕረፍት ሄጄ ለቅሶ ስዞር

ከአሜሪካ ወደ ወሎ ለዕረፍት የምትሄዱ እህቶቼ፣ ምክሬን ስሙኝ። ሻንጣችሁ ውስጥ ከቸኮሌቱ በፊት ነጠላ ክተቱ። መሀረብም ያዙ፣ በርከት አድርጋችሁ። ቸኮሌቱ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ይቀልጣል። ነጠላው ግን ከወረዳችሁበት ቀን ጀምሮ ሥራ አይፈታም።

እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ደንቡ አይጠፋኝም። ግን ሜሪላንድ ብዙ የኖረ ሰው ዕቅድ የሚባል በሽታ ይይዘዋል። የተወለድኩበትን ቤት ረጋ ብዬ አያለሁ። ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት በር ላይ ፎቶ እነሳለሁ። ሐይቅ ወርጄ ዓሳ እበላለሁ። አንድ ሰኞ ደግሞ ባቲ ገበያ። የአባቴን የድሮ ወዳጆች በየመሀሉ ጠየቅ ጠየቅ አደርጋለሁ። ሁሉንም ስልኬ ላይ በቀለም ለይቼ ጽፌዋለሁ። አክስቴ ስልኬን ተቀብላ አየችና «ይሄ ቢጫው ምንድነው?» አለች። «ሐይቅ» አልኳት። «ምን ልትሠሪ? እነ እገሌ ቤት ሳትገቢ ሐይቅ ብትታዪ ሰው ምን ይላል?»

ከዚያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። የአባቴ ወዳጆች፣ የእናቴ ማኅበርተኞች፣ የእድሩ ሰዎች፣ ልብስ ሰፊው፣ የሸዋ በሯ ጠላ ሻጭ፣ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዬ። እኔ ከሄድኩ ወዲህ የሞተው ሁሉ ተራ በተራ ተጠራ። የግራ እጇ ጣቶች አለቁ፣ የቀኙም አለቁ፣ እንደገና ወደ ግራ ተመለሰች። አንዳንዶቹን መሞታቸውን የሰማሁት ያኔ ነው። «እንዴ! እሳቸውም?» ስላት፣ «አልነገርንሽም እንዴ? ብቻሽን ሆነሽ እንዳትደነግጪ ብለን ነው» ትላለች። አሜሪካ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ተጠራቅሞ ይቆየዋል፣ ሲመጣ ይረከባል።

ዕረፍቴ በዚህ ተጀመረ።

ቅደም ተከተሉ ራሱን የቻለ ፖለቲካ ነው። የቅርቡን ሐዘን ስታስቀድሚ የቆየው ይቀየማል። ጎረቤት ስታስቀድሚ ዘመድ ይቀየማል። በባጃጅ ሆጤን ሳልፍ ያየችኝ አንዲት ሴት ወዲያው ለአክስቴ ደውላ «ዘልላን ሄደች» አለች። ከባጃጅ ውስጥ እንዴት እንደለየችኝ እስካሁን አልገባኝም።

ከስንት ዓመት በፊት ለሞተ ሰው እንዴት ይለቀሳል? ይለቀሳል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከበሩ ስገባ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ቤተሰቡ ሳሎን ተቀምጦ በአማርኛ የሚያወራ የቱርክ ድራማ ያያል። ሲያዩኝ ይነሳሉ። ቴሌቪዥኑን ግን አያጠፉትም፤ ድምፁን ብቻ ይቀንሱታል። እኔ የቤቱን አባወራ እያነሳሁ ሳለቅስ ከኋላቸው አንድ ባለጢም ቱርክ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ትንሿ ልጅ አንድ ዓይኗ እኔ ላይ፣ አንድ ዓይኗ እሱ ላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ትልቅ ሴት «በቃ፣ በቃ፣ አብሽሪ፣ እግዜር ያጽናሽ» ትላለች። ለቅሶ ደራሿ እኔው ተጽናንቼ እቀመጣለሁ። ቡና ይቀርባል። አቦሉ ላይ ሐዘኑ ያልቃል፣ ቶናው ላይ ጥያቄው ይጀምራል። «ለምን ከሳሽ? ስንት ይከፍሉሻል? ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ?» በረካው ላይ እንስቃለን። የሚገርመኝ ለቅሶውም ሳቁም የምር መሆኑ ነው።

ሐጂ ቤት ስሄድ ግን አልጮህኩም። እዚያ ጩኸት አይወደድም። ገብተሽ ትቀመጪያለሽ፣ እጅሽን ትዘረጊያለሽ፣ ዱዓው ሲያልቅ «አሚን» ትያለሽ።

ሐጂ የአባቴ የልብ ወዳጅ ናቸው። ባለቤታቸውን እቴቴ ነበር የምላት። እናቴ እኔን ወልዳ በአራስነቷ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ፣ እቴቴ ከራሷ ሕፃን ጋር እኔንም አጠባችኝ። በእነሱ ሃይማኖት ይህ ቀልድ አይደለም። ያጠባች እናት ናት፣ ልጆቿም ወንድሞች ናቸው፣ መጋባት እርም ነው። እናም የክርስቲያን ልጅ ሆኜ ሙስሊም ወንድሞች አሉኝ። ይህ ወሎ ውስጥ ማንንም አይገርምም። የወሎው ንጉሥ ሚካኤልስ መሐመድ ዓሊ ተብለው አድገው፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ አይደል ክርስትና የተነሱት? ልጃቸው ናቸው ወይዘሮ ስህን፣ የእቴጌ መነን እናት፣ የተማርኩበት ትምህርት ቤት የሚጠራባቸው። ወሎ ውስጥ ዘሩን ወደ ላይ የቆጠረ ሰው አንዱ ጋ ሲደርስ ሶላት ወይም ማተብ ሳያጋጥመው አይቀርም።

ሐጂ ሲያዩኝ መጀመሪያ ያነሱት እቴቴን አይደለም። አባቴን ነው። አባቴ ሜሪላንድ ሞቶ እዚያው ነው የተቀበረው። ሐጂ ያን ጊዜ ወሬውን እንደሰሙ ደሴ ላይ ሰደቃ አውጥተውለት ኖሯል። በግ አርደው፣ ለክርስቲያኑ ደግሞ በክርስቲያን እጅ ለብቻ አሳርደው፣ ሼኹም ቄሱም በየማዕዳቸው በልተው መርቀው ሄዱ። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሐጂም የነገሩኝ ሊያስደንቁኝ ብለው አልነበረም። የዚያን ቀን ዝናብ ድንኳኑን እንዴት እንዳስቸገረው ሲያወሩ ነው የወጣው።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ።

እቴቴ የሞተችው በ2014 ነው። ጦርነቱ ደሴ ገብቶ፣ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ። ስኳር ነበረባት። መድኃኒት የለም፣ ሐኪም የለም፣ ስልክ የለም። እኔ እዚህ ቀን ከሌሊት እደውላለሁ፤ መስመሩ አይሠራም። መሞቷን የሰማሁት ስልኩ ሲመለስ ነው። ያኔ ከተቀበረች ሰንብታለች።

የምሠራው እንደ ብዙ አበሻ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በማግስቱ አለቃዬ ጋ ገብቼ የሐዘን ፈቃድ ጠየቅሁ። ደግ ሴት ናት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ ቅጽ ከፈተችና «ምንሽ ነበረች?» አለችኝ።

ባል፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም፣ አያት። ከእነዚህ አንዱን ምረጪ ነው ነገሩ። «የአባቴ ጓደኛ ሚስት ናት። አጥብታኛለች» አልኳት። ጣቷ ማውሱ ላይ ቀረ። «ሞግዚትሽ ነበረች?» አይደለችም። «የእንጀራ እናትሽ?» አይደለችም። «እሺ፣ መቼ ነው ያረፈችው?» ቀኑን ስነግራት ይብስ ጨነቃት። ፈቃዱ ከሞት ቀን አንስቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተወሰደ ይቃጠላል። ጦርነት ነበር፣ ስልክ ተቋርጦ ነበር፣ መርዶው የደረሰኝ ትናንት ነው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ለጦርነትም ሳጥን የለም።

አሜሪካ ውስጥ አሠሪ የሐዘን ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። አንዳንድ ግዛቶች የየራሳቸውን አውጥተዋል፤ የቀረው በድርጅቱ መልካም ፈቃድ ነው። ስለዚህ የምከሰው ሰው የለኝም። የማታ ፈረቃዬን ገባሁ። በኋላ ሁሉም ሠራተኛ የፈረመበት፣ አበባ ያለበት ካርድ ሰጡኝ። ጥሩ ካርድ ነው፣ አልዋሽም። ግን ካርድ ላይ ተቀምጦ አይለቀስም።

እኛ መሥሪያ ቤት አንድ አረጋዊ ሲሞት ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ? አስከሬኑ በኮሪደሩ ከመውጣቱ በፊት የሌሎቹን ክፍል በር አንድ በአንድ እንዘጋለን። እንዳያዩ፣ እንዳይረበሹ ተብሎ ነው። ብዙውን ጊዜ የምዘጋው እኔ ነኝ። አንዲት አሮጊት አሉ፤ በራቸውን ስስበው ሁሌ «ማን ነው?» ይሉኛል። መናገር ክልክል ነው፤ የሰው ሚስጥር ነው። ቁርስ ላይ ባዶውን ወንበር አይተው ያውቁታል። ማንም እሳቸውን «አብሽሪ» አይላቸውም። ለሟቹ ምናቸውም አይደሉማ! ሦስት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው የበሉት።

ወደ አገሬ ልመለስ። እዚያም ቢሆን ዝም ብዬ አላመሰግንም። የእኛም ሕግ ወረቀት ላይ ከአለቃዬ ቅጽ ብዙ አይርቅም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው ሦስት የሥራ ቀን ነው። እሱም ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅና ለተወላጅ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ለሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ። እቴቴ እዚያም የለችም። ልዩነቱ፣ ሰዉ ሕጉን አይጠይቅም። ተነስቶ ይሄዳል።

የሚሄደው ታዲያ የእኔን ጉዳይ የያዘው ሰውዬ ሆኖ አረፈው! ለአንድ ጉዳይ የልደት ምስክር ወረቀት አስፈልጎኝ ነበር። መጀመሪያ ቀን ስሄድ «ኃላፊው ቀብር ሄደዋል፣ ነገ ነይ» ተባልኩ። ነገ ስሄድ ለቅሶ ቤት ናቸው። ከነገ ወዲያ ሣልስት ነው። ከኃላፊው ጋር ጸሐፊዋም የለችም፣ ማኅተሙም የለም። አሜሪካ ለለቅሶ አያስወጣም ብላ የምታማርረው ሴትዮ በሩ ላይ ቆማ «የሥራ ሰዓት እኮ ነው!» እያለች ትጮሃለች። አንዱ ባለጉዳይ ተገርሞ አየኝና «እህቴ፣ ሰው እኮ ሞቶባቸው ነው» አለኝ። የሞተባቸው ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። የጎረቤታቸው አጎት።

በመጨረሻ ኃላፊው ተገኙ። አሁን ደግሞ «እዚህ መወለድሽን የሚያውቅ ምስክር አምጪ» መጣ። ሐጂን ይዤ ሄድኩ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ነጭ ኮፍያቸውን አጥልቀው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደረጃውን በግድ ወጡ። ቅጹን የሚሞላው ወጣት «ሐጂ፣ ምንዎ ናት?» አላቸው።

«ልጄ።»

ልጁ ወረቀቱን አየ። የአባቴ ስም ገብረ ብሎ ነው የሚጀምረው። ቀና ብሎ የሐጂን ኮፍያ አየ። «ማለቴ… የሥጋ ልጅዎ?»

«የጡት! ሚስቴ አጥብታታለች። ጻፍ!»

ሳቀና «ሐጂ፣ እሱ እኮ ቅጹ ላይ የለም» አለ። የአለቃዬ ቅጽ ውቅያኖስ ተሻግሮ ተከትሎኝ መጣ ማለት ነው። ልጁ ትንሽ አሰበና «ጎረቤት» ብሎ ጻፈ። ሐጂ አላዩትም፤ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ነው የመጡት። በደስታ ፈረሙ። እኔም ምንም አላልኩ።

የተወለድኩበትን ቤት ያየሁት ከዚያ ስንመለስ ነው፣ በባጃጅ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ። ግማሹ ፈርሶ ሱቅ ሆኗል፤ የሞባይል ካርድና ዳይፐር ይሸጥበታል። ሐጂ «የእናትሽ ምድጃ እዚህ ጋ ነበር» ብለው በከዘራቸው ባሳዩኝ ቦታ የለስላሳ ፍሪጅ ቆሟል። ከጀርባው የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ እንዳለ ነው። ፎቶ ላነሳ ስል አክስቴ ደወለች፤ አንድ ቤት እየጠበቁን ነው። ሐይቅ ቀረ። ዓሳውም ቀረ። ባቲማ ሳይነሳ ቀረ።

ሜሪላንድ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ስልክ መጣ። አንድ ቤት ዘለናል። የአባቴ የሥራ ባልደረባ ቤት ነው፤ ልጆቹ በጣም ተቀይመዋል። «አሁን ምን ላድርግ? ተመልሻለሁ እኮ» ስላት አክስቴ «በኢሞ አልቅሺላቸዋ!» አለችኝ፣ ይህም ይጠፋሻል በሚል ድምፅ።

የምሳ ዕረፍቴ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ፓርኪንግ ወርጄ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደወልኩ። እዚያ መሽቷል። ሴቶቹ ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደርድረው ብቅ አሉ። አባታቸውን እያነሳሁ ጀመርኩ። የጥበቃ ሠራተኛው ሲያልፍ በመስኮት አየኝና እርምጃውን ፈጠን አደረገ። ኔትወርኩ በመሀል ተቆራረጠ፤ ሲመለስ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። በኋላ ትልቋ እንባዋን ጠርጋ «እግዜር ይስጥልን፣ ደርሰሽናል» አለች። ትንሽ ዝም አለችና ደግሞ «እነዚያ ቤት ግን በአካል ሄደሻል አሉ» አለችኝ።