ለድንጉላው የግል ክፍል

እኛ ጅማዎች ለፈረስ ያለን ክብር ወደር የለውም። ንጉሡ እንኳ የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው። «አባ ጅፋር» ማለት የጅፋር ጌታ ማለት ነው፤ ጅፋር ደግሞ ፈረስ። ስሙ ጅሬን ላለው ቤተ መንግሥት ተርፎ ለእግር ኳስ ክለባችንም ደርሷል።

ክብራችን ታዲያ በስም አላበቃም። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ዳማ ድንጉላ አለ። ባለቤቱ የግል ክፍል ሠርቶለታል። ዙሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮት የለው፣ ለመዞርም አይመች። ኪራይ ግን አይጠየቅም። ባዝራ በመንገድ ስታልፍ በጠረኗ ብቻ ያውቃታል። ያሽካካል። እኛም «አቤት ጉልበት!» እንላለን።

ሌሊት አንገቱን ወዲያ ወዲህ ሲያወዛውዝ ያድራል። ቀን የበሩን ሳንቃ ነክሶ ይውላል። «ይኼ ፈረስ እንጨት ይወዳል» አለኝ ባለቤቱ። ሜዳ የተለቀቀ ፈረስ በቀን እስከ 16 ሰዓት ይግጣል። ይኼ ጠዋትና ማታ ጥቂት ሣር ይጣልለታል፤ የቀረውን ሰዓት በሳንቃ ይሞላል። ቁጠባ እንዲህ ነው!

ባለፈው አንድ ልጅ ነከሰ። በቃ፣ ተረጋገጠ። ብቻውን የተዘጋበት ክፉ ስለሆነ ነው ተባለ። ክፉ የሆነው ብቻውን ስለተዘጋበት ይሆን ብሎ የጠየቀ የለም። ቡና ላይ ስለነበርን ጊዜ አልተገኘም። እኛ መቼም ቡና ብቻችንን አይወርድልንም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሁሉም ከጎረቤት ጋር ነው። ዱር ያለ ድንጉላም እንደኛው ነው አሉ፤ ከባዝሮቹ ጋር ይኖራል፣ ባዝራ ያላገኘው ጎረምሳ ከጎረምሶች ጋር ይውላል። የከተማ ፈረስ ግን ጨዋ ነው፣ ምን ጓደኛ ያስፈልገዋል?

የስዊዘርላንድ ሰዎች ጉድ ናቸው። ፈረስ ሌላ ፈረስ እንዲያይ፣ እንዲሰማና እንዲያሸት በሕግ ደንግገዋል። አቫንሽ የሚገኘው የፈረስ ማራቢያቸውማ ድንጉሎቹን ከባዝራ አርቆ በአንድ መስክ ለቀቃቸው። መጀመሪያ ተፋጠጡ፣ ተሯሯጡ። ቀናት ሲያልፉ ጠቡ በረደ። ጋጣ ውስጥ ላሉትም ጋማ ለጋማ እንዲተካከኩ በመሀላቸው ካለው ግድግዳ ከፊሉን ቋሚ ዘንግ አደረጉት። ሞኞች! ሁለት ቆርቆሮ ይበቃቸው ነበር።

የእኛው ዳማ ከንክሻው ወዲህ የበለጠ ተከብሯል። በበሩ ላይ አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ ትናንት እሷም ተደፈነች። «ብርድ እንዳይገባበት ብዬ ነው» አለኝ ባለቤቱ፣ ለቡና እየጠራኝ።