ድንቹ አረፋ ያወጣው ኬሚካል ስላለበት አይደለም

ሰላም ወገኖች። «ሱሉልታ መንገድ ዳር የሚሸጠው ድንች ተቆርጦ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ (ቁስል ማጽጃ ፈሳሽ) ጠብ ሲደረግበት አረፋ ካወጣ ኬሚካል የተረጨ ነው» የሚለውን ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ለልጆቻችሁ ጤና አስባችሁ እንደሆነ ይገባኛል፤ አረፋው የሚናገረው ግን ሌላ ነው።

ድንች በሴሎቹ ውስጥ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) አለው። ፐሮክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን የሚለውጠው እሱ ነው፤ አረፋው ኦክስጅኑ ነው። ፐሮክሳይዱ ቁስል ላይ ሲደረግ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ካታሌዝ በእኛም ደም ውስጥ አለና።

ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ጓሯችሁ ውስጥ ምንም ያልረጫችሁበት ድንች ካለ ቆፍራችሁ አውጡና ከፋርማሲ በሚገዛው 3 በመቶ ፐሮክሳይድ ሞክሩት፤ እሱም አረፋ ያወጣል። ከዚያው ድንች ሌላ ቁራጭ በደንብ ቀቅላችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ድገሙት፤ ጸጥ ይላል፣ ሙቀቱ ኢንዛይሙን አበላሽቶታልና። (የሞከራችሁበትን አትብሉት።)

የፀረ ተባይ ቅሪት የሚታወቀው በላቦራቶሪ ምርመራ ነው፤ አረፋ ያላወጣ ድንችም በዚህ ብቻ ንጹሕ አይባልም። በዚህ ወሬ የተነሳ ግን ከማለዳ ጀምረው ጆንያ ዘርግተው የሚቀመጡ እናቶች ድንቻቸው «መርዝ ነው» ተብሎ ሳይሸጥ ሲመሽባቸው ማየት ያሳዝነኛል።