ይድረስ ለክቡር የኦንላይን ወረፋ

ጉዳዩ፦ ሰው መሆኔን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ግን የእርስዎ እንዳይመስልዎት። የአንድ ሰማያዊ የካርቱን ሮቦት አሻንጉሊት ነው። ሲታጠፍ መኪና ይሆናል፣ ሲዘረጋ ጀግና። በልጅነቴ ነበረኝ። ግራ እጁ የተነቀለ ጊዜ የክብሪት እንጨት ሰካሁለት፤ በዚያችው በክብሪት እጁ ዓለምን ሁለት ዓመት ሙሉ ከጥፋት ሲያድን ከርሟል። ከዚያ የት እንደገባ እናቴን ጠይቋት። «ያ ስብርባሪ?» ብላ ትጀምራለች፤ እኔም አልጨርሰውም።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ያው ሮቦት ተመልሶ ሊሸጥ ነው ተባለ። ሳጥኑ የድሮው። ስቲከሩ የድሮው። ሁለት እጅ ያለው። «ሊሚትድ ኤዲሽን»፣ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ። ይህን ሲሰማ የጎልማሳ ልብ ምን እንደሚሆን አንባቢዎቼ ያውቁታል፣ አላብራራም።

ሽያጩ ሊከፈት 40 ደቂቃ ሲቀረው ደጅዎ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ሻርጁ ሙሉ፣ እኔ ዋይፋዩ ሥር። «እባክዎ ገጹን ሪፍሬሽ አያድርጉ፤ ቦታዎን ሊያጡ ይችላሉ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ትንፋሼን ሳይቀር ቀነስኩ።

ያንን በመስመሩ ላይ የሚራመደውን ትንሽ ሰውዬዎን ሳላነሳ አላልፍም። እግሩን ያነሳል፣ እግሩን ይጥላል፣ ከቦታው ግን ንቅንቅ የለም። አንዴ የጥፍር ታህል ወደፊት ሲል እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ካርቱን ናፍቆኝ መጥቼ ካርቱኑ እኔ ራሴ መሆኔ የገባኝ እሱን ሳይ ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ ቁጥሬን ሰጡኝ። 14,206ኛ።

ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ ተራዬ ደረሰ። «10 ደቂቃ አለዎት» አሉኝ። ቀጥሎ ያቺ ካፕቻ የሚሏት፣ ሰውን ከሮቦት የምትለይ ሳጥን መጣች። «ሮቦት አይደለሁም» ይላል ጎኗ። ልብ በሉልኝ፤ የመጣሁት ሮቦት ልገዛ ነው። ሮቦት ስለምወድ ነው እዚያ የተገተርኩት። ደጁ ላይ ስደርስ ግን መካድ አለብኝ። ካድኩ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ነው የካደው፣ እኔ ስድስት ጊዜ።

የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ ተባልኩ። ምሰሶው ይቆጠራል? ለዚህ ጥያቄ እስካሁን መልስ የሰጠ ሰው አላገኘሁም። ቆጠርኩት። «እንደገና ይሞክሩ።» ቀጥሎ ሞተር ሳይክል። የአንዱ ጎማ ጫፍ ወደ ጎረቤት ካሬ ሾልኮ ገብቷል። ትንሽ ነው፣ ግን ገብቷል። ተውኩት። «እንደገና ይሞክሩ።» ከዚያ ደረጃ። ከዚያ የእግረኛ መሻገሪያ። ከዚያ ያ ሁሉ ቀርቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መጣ።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ በትከሻዬ በኩል አጮልቃ ታነባለች።

«አባዬ፣ ሰው መሆንዎን ማረጋገጥ አልቻልንም'ኮ ነው የሚለው።»

«እያየሁት ነው።»

«ታዲያ ምንድነህ?»

ስልኩን ከእጄ ወሰደችና በአንድ ሙከራ አለፈች። በቤታችን ሰውነቷ የተረጋገጠላት እሷ ብቻ ናት።

በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ቦቶች (ሰው መስለው የሚሠሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች) ይህን ፈተና ከሰው ፈጥነው፣ ከሰው ባነሰ ስህተት እንደሚያልፉት አሳይቷል። እንግዲህ የሚያልፈው ሮቦት ከሆነ የሚወድቀው ሰው ነው ማለት ነው። ክቡርነትዎ መውደቄን እንደ ማስረጃ ይያዙልኝ። (የልጄን ነገር ለብቻው አጣራለሁ።)

ከዚያ ቅጹ። የትውልድ ዓመት ይምረጡ። ዝርዝሩ የሚጀምረው ከዘንድሮ ነው። በአውራ ጣቴ ሳብኩ። የልጄ ዓመት አለፈ። የስማርት ስልክ ዘመን አለፈ። ሳብኩ። ዲቪዲ አለፈ። ሳብኩ። ጣቴ ሞቀ። ካሴቱን ወደኋላ በእስክሪብቶ የምናጠነጥንበት ዘመን ጫፍ ላይ ስደርስ ልጄ «ገና ነው?» አለች። «ገና ነው» አልኳት። አሻንጉሊት ለሚገዛ ሰው ዕድሜውን በዚህ ያህል ርቀት ማስለካት ምን የሚሉት ነው?

«አድራሻ 2፣ ካለ» ይላል ቀጥሎ። የለም። ባዶ ተውኩት። በቀይ ተመለሰ። ነጥብ አስገባሁ፣ ነጥብ አይፈቀድም። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። አለፈ። ከዛሬ ጀምሮ የለም የሚባል ቦታ ነዋሪ ነኝ።

«ክፈል» የሚለውን ተጫንኩ። ያቺ ቀለበት ዞረች። ዞረች። ዞረች። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ጊዜዎ አልቋል። ጋሪዎ ባዶ ነው። ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን።»

ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሮቦቴን ሌላ ድረ ገጽ ላይ አገኘሁት። በአራት እጥፍ ዋጋ። «ያልተከፈተ፣ ሳጥኑ ጭረት የለውም፣ 37 ፍሬ አለኝ» ይላል ሻጩ። ሠላሳ ሰባት! ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ያሉት እርስዎ አልነበሩም?

በቃ፣ አንቱታው ይቁም።

ስማ። ዕቃውን ማጣቴ አይደለም። የልጅነት ዕቃ አጥቼ አውቃለሁ፣ ለምጄዋለሁ። አንጀቴን ያሳረረው ከገጽህ ግርጌ በጉንዳን ፊደል የጻፍከው ነው። ከሰዓቱ በፊት የገቡ ሁሉ ሽያጩ ሲከፈት በዕጣ ይደባለቃሉ ይላል። በዕጣ! ታዲያ 40 ደቂቃ ምን አስጠበቅከኝ? ያ ሰውዬ ወዴት ነበር የሚራመደው? ዕጣ ከሆንክ ዕጣ ነኝ በል፤ ዕጣችንን ጥለን ወደ ቤታችን እንገባለን። ወረፋ ነኝ ብለህ ሰው አታቁም።

ወረፋ ምን እንደሆነ እኔ ልንገርህ። ልጆች ሆነን አምስት ነበርን፣ ኮሚካችን፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ መጽሐፋችን፣ አንድ። ሽፋኑ የለም፤ የመጨረሻው ገጽም የለም። ማን ቀድሞ እንደጠየቀ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ሲያነብ አራታችን ከበን እንቀመጣለን፤ ገጽ ቶሎ ካልገለጠ እንቆነጥጠዋለን። አምስተኛው ልጅ እስኪደርሰው ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል፣ እሱም ቢሆን ግን ተራው አልተነካበትም። የመጨረሻውን ገጽ አምስታችንም በየራሳችን ጨርሰነዋል። የእኔ ጀግና ሁልጊዜ በመስኮት ነበር የሚያመልጠው። ቁጥር አልነበረም፣ ካፕቻ አልነበረም፣ ማንም ሰው መሆኑን አልተጠየቀም። አንድም ልጅ ሠላሳ ሰባት ጊዜ አልተሰለፈም። ቢሞክረው ይቀምሳታል።

አንተ ግን ማን እንደሚገባ ታውቃለህ። አንድ ሰው ሠላሳ ሰባት ሆኖ ሲገባ እያየህ አሳለፍክ፤ እኔን አንዱን ምሰሶ አስቆጠርከኝ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 በቦት ዕቃ የሚያጋብሱትን የሚከለክል ሕግ አወጣች ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። ሳነበው የትርኢትና የስፖርት ትኬት ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። አሻንጉሊት የለበትም። ሮቦት ሮቦትን ሲገዛ ሕግ አይገባበትም መሰለኝ።

እሺ። ውሃ ጠጥቼ መጣሁ። ወደ አንቱታችን እንመለስ።

ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ለመናገር ይህን የጀመሩት እርስዎ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1977 ስታር ዋርስ የተባለው ፊልም ሲወጣ ኬነር የተባለው አምራች አሻንጉሊቶቹን ለገና ማድረስ አልቻለም። ምን ቢሸጥ ጥሩ ነው? ካርቶን ፖስታ። አሻንጉሊት የሌለበት። ውስጡ ተሞልቶ በፖስታ የሚላክ ወረቀት ነበረው። ልጆች በገና ጠዋት ስጦታቸውን ሲከፍቱ ቅጽ አገኙ። እንግዲህ ከልጅነት ጀምሮ ነው የተለማመድነው። ግን ቃል የተገባላቸው አራት አሻንጉሊቶች በ1978 በፖስታ ቤታቸው ድረስ መጡላቸው። ቅጽ ሞልቶ ዕቃ ያገኘ ትውልድ ነበር ማለት ነው! «ጊዜዎ አልቋል» ያላቸው የለም። ያ ባዶ ፖስታ ራሱ ዛሬ ሰብሳቢ የሚሻማበት ዕቃ ሆኗል፤ የእርስዎን «ጋሪዎ ባዶ ነው» እኔም ስክሪንሾት አንስቼ አስቀምጫለሁ፣ ምናልባት።

ኮሚክን በፕላስቲክ አሽገው ከ10 ነጥብ ለሚሰጡት ዘመዶችዎ ሰላምታ ያድርሱልኝ። 9.8 ያገኘ ኮሚክ ማለት ማንም የማያነበው ኮሚክ ነው። የእኛ አንዱ ኮሚክ ከዜሮ በታች ያገኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1992 ሱፐርማን የሞተ ጊዜም እንዲሁ ነው የሆነው። ኮሚኩ በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ወጣ። በሚሊዮኖች የሚቆጠር ፍሬ ተሸጠ። ብዙው ሰው አንድ ቀን ሀብት ይሆናል ብሎ ሳይከፍተው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው። ሁሉም ስለከተተው ዛሬም ብርቅ አይደለም። ጀግናው በዓመቱ ከሞት ተነስቷል፤ ከረጢቱን ያልከፈቱት ግን እስካሁን ሐዘን ላይ ናቸው። ይኸው ሱፐርማን መጀመሪያ የታየበት የ1938ቱ የ10 ሳንቲም ኮሚክ አንድ ቅጂው በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ፈጣሪዎቹ ሲገልና ሹስተር የገጸ ባሕርዩን መብት የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። እነሱ ወረፋው ላይ ስንተኛ እንደነበሩ አልጠይቅዎትም።

የልጅነቴን ካርቱን «ለአዲሱ ትውልድ» ብላችሁ ፊቱን ፊኛ ላደረጋችሁት፣ የእናንተ ደብዳቤ ለብቻው ይመጣል።

ትናንት ደግሞ ኢሜይልዎ ደረሰኝ። «ገጠመኝዎ እንዴት ነበር?» ከአምስት ኮከብ። ልጄ አምስት ስጠው አለችኝ፤ ፈተናውን በአንዴ ስላለፈች ጥሩ ትዝታ ነው ያላት።

ከሰላምታ ጋር፣
14,206ኛው
የለም ከሚባለው ቦታ

ግልባጭ፦
37 ፍሬ አለኝ ላሉት ወንድማችን። ከላይ የተባለው ሁሉ እርስዎን አይመለከትም። ትንሽ አይቀንሱልኝም? ሳጥኑ የተጨፈለቀ ካለ እሱን ይስጡኝ። ልከፍተው ነው።