ነጻ ነው እንግዲህ፣ ይጨመር!

ሰሞኑን አንድ የሠርግ ዲጄ "የማሻሻያ ሀሳብ" ብሎ ለአንድ ነጻ የዲጄ ሶፍትዌር ሠሪዎች የጻፈውን ዝርዝር ላከልኝ፣ ይኸው እስካሁን አልወጣልኝም። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ሶፍትዌሩን በነጻ አውርዶ፣ በነጻ ጭኖ፣ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ እየሠራበት ሂሳቡን ይቀበላል፤ ሰኞ ጠዋት ተነስቶ "ይሄ እንዴት አይኖረውም?" ይላል። ክብር ይገባቸዋል እነዚህ ሰዎች! እነሱ ባይኖሩ ማን ያዝዝ ነበር?

ነገሩ ሚክስ (Mixxx) ስለሚባለው የዲጄ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ለዩኒቨርሲቲ ጥናት ተብሎ የተጀመረ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ሊኑክስም ዊንዶውስም ማክም ላይ የሚሠራ ነው። በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚያሻሽሉት። አራት ዴክ (ዘፈን የሚጫንበት ማጫወቻ) አለው፣ ቢት ያገጣጥማል፣ ይቀዳል፣ ዲጄው ሽንት ቤት ቢሄድ እንኳ ዘፈን እየቀያየረ ይጠብቀዋል። ለኛ ጀግና ግን ይሄ ምኑም አይደል።

የመጀመሪያው ትዕዛዝ "ከስፖቲፋይ ዘፈን ያጫውት" የሚል ነው። እንደ ስፖቲፋይ ያሉ፣ በኢንተርኔት ዘፈን የሚያሰሙ ኩባንያዎች ዘፈናቸው የተቆለፈ ነው፣ ቁልፉን ደግሞ ማንም ኮዱን ገልጦ ለሚያነበው ሶፍትዌር አይሰጡም ብትለው መልሱ ዝግጁ ነው፦ "ቀላል እኮ ነው!" አንድ መስመር ኮድ ጽፎ የማያውቅ ሰው "ቀላል ነው" ሲል የሚሰማው ልበ ሙሉነት ይገርማል። እኛ ሌሎቻችን በከንቱ እየተጠራጠርን ኖረናል።

ግን ይሄ ምንም አይደለም። ዋናው "ሠርግ ሞድ" ነው።

ሠርግ ሞድ ማለት እንዲህ ነው። ሶፍትዌሩ በላፕቶፑ ካሜራ አዳራሹን ያያል። የሙሽራዋ አጎት ከወንበሩ ሲነሳ ያውቃል፣ ትከሻውን ገና ሳይነቀንቅ ዘፈኑን ወደ ጉራጊኛ ይቀይራል። የሙሽራው ወገን ከጎጃም፣ የሙሽራዋ ከወሎ ከሆነ የደቂቃ ክፍፍሉን አስልቶ በሰንጠረዥ ያወጣል፣ ማንም እንዳያኮርፍ። ሚዜዋ ያንኑ ዘፈን ደግማ ስትጠይቅ በዲጄው በራሱ ድምፅ "እሺ እህቴ፣ እየመጣ ነው" ይላል፣ ዘፈኑ ግን አይመጣም። ምርቃት የሚያስረዝሙ አባት ማይክ ሲይዙ ጨዋነት ባለው መንገድ፣ ቀስ እያለ፣ ድምፃቸውን ይቀንሳል፤ "አሜን" ላይ ብቻ ይመልሰዋል። ኬክ ሲቆረስ ቪዲዮ ቀራጩ ዝግጁ መሆኑን አይቶ ነው ሙዚቃውን የሚለቀው። የቀረ ሂሳብ ካለ የሙሽራዋ አባት በጠረጴዛው አጠገብ ባለፉ ቁጥር ስክሪኑ ቀይ ይበራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ፣ ስፒከሩ መጮሁን ይቀጥላል። በምን ኃይል? እሱን ፕሮግራመሮቹ ያስቡበት። ዲጄው እስከዚያ ክትፎውን ይበላል።

የሚያናድደው ዝርዝሩ ውስጥ አንድ የምር ሀሳብ መኖሩ ነው። ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ምት ነው። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ይሳሳትበታል፣ ቢፒኤሙን (በደቂቃ ያለውን የምት ብዛት) አንድ ተኩል እጥፍ አድርጎ ወይም ሁለት ሦስተኛው ላይ ያነበዋል። የድሮ የባንድ ቅጂ ከሆነማ ከበሮ መቺው ሞቅ ሲለው እየፈጠነ ይሄዳል፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ ፍጥነቱ አንድ ነው ብሎ ነው የሚጀምረው። ይሄን በናሙና ዘፈን አስደግፎ ቢጽፍ የኛን ሙዚቃ የሚያጫውት ሁሉ ይጠቀም ነበር። ጀግናችን ግን "ቢቱ አይሠራም፣ አስተካክሉ!" ብሎ ጨረሰው፣ ያውም "መልኩ ወርቃማ ይሁን" ከሚለው በታች። ቢፒኤሙን በሁለት ሦስተኛ የሚያባዛ ምርጫ እዚያው አለ። ቋሚ ፍጥነት የሚለውንም ማጥፋት ይቻላል። ቅንብሩን ከፍቶ አያውቅም።

አሁን ቀልዱን ልተወው። መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ሀሳብም ያስፈልጋል። ግን ከሥራ መልስ፣ ልጆቹን አስተኝቶ፣ ሳያውቅህ የአንተን ኮንትሮለር (የዲጄ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ሊያስተካክል እስከ ሌሊት የተቀመጠን ሰው "ካልቻላችሁ ተዉት" ብሎ መሳደብ ምን የሚሉት ባለጌነት ነው? ሶፍትዌሩ የቆመው ምን ስትነካ እንደሆነ፣ የትኛው ቨርዥን እንደሆነ ሁለት መስመር መጻፍ ያቅትሃል፣ ስድቡን ግን አንድ ገጽ ትሞላለህ! የሠርግ ገንዘብ እየበላህበት! ዓይንን በጨው መታጠብ ማለት ይሄ ነው።

እሺ፣ ተረጋጋሁ። ወደ ምስጋናው ልመለስ፣ ምክንያቱም የዝርዝሩ መጨረሻ እጅግ ልብ የሚነካ ነው። ሶፍትዌሩ ሲከፈት የእሱ ሎጎ ይውጣ ይላል፣ በዓለም ዙሪያ፣ ሁሉም ሰው ኮምፒውተር ላይ። በነጻ እንዳይመስላችሁ። "ስንት ልትከፍል ነው?" ብዬው ነበር።

"ስሜን እንዲጠቀሙ እፈቅድላቸዋለሁ" አለኝ።