ማን እንደ ንብረት ክፍል!

ፈረንጅ ሲደላው የማያደርገው የለም። አሁን ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተር ማሳደድ ይዟል። ጎረምሳውም ሽበታሙም ቅዳሜና እሁድን ምድር ቤቱ ውስጥ ዘግቶ፣ አባቱ ሊጥለው የነበረውን ኮምፒውተር ሆዱን ዘርግፎ ሲጎረጉር ይውላል። አንዱ ኮሞዶር 64 ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ፣ ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የተሠራ፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ዕቃ ነው። ሜሞሪው 64 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልክ ያነሳችሁትን አንድ ፎቶ እንኳ አይችልም። ሌላው እንግሊዞች በዚያው ዓመት ያወጡትን ዜድኤክስ ስፔክትረም ያሳድዳል። እሱ ጌም የሚጭነው ከቴፕ ካሴት ነው። ካሴቱ ሲንጫጫ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። መጨረሻው ላይ ከከሸፈ ካሴቱን አጠንጥነህ እንደገና ትጀምራለህ። ለዚህ ሰው ገንዘብ ይከፍላል! እኛ "ሲስተም የለም፣ ትንሽ ጠብቁ" እየተባልን በነጻ ስንዝናናበት ለኖርነው።

ዋጋውን ስትሰሙ ደግሞ እጃችሁን በአፋችሁ ትጭናላችሁ። ከአፕል መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ የሠራው አፕል 1 የተባለ ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ነበር። ሰውዬው ተደጋጋሚ ቁጥር ስለሚወድ ነው አሉ። እኛ ሰፈር ቢሆን መጀመሪያ ጠበል ይረጭ ነበር። ሳጥን የለው፣ ኪቦርድ የለው፣ ራቁቱን የቀረ ቦርድ ነው። ከነዚህ አንዱን እ.ኤ.አ. በ2014 የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም 905 ሺህ ዶላር አውጥቶ በጨረታ ወሰደው።

ይሄን ሳነብ ቀናሁ? በፍጹም። ኮራሁ እንጂ! ፈረንጅ ገና አሁን የነቃበትን ነገር የኛ መሥሪያ ቤቶች ስንት ዘመን ሲሠሩበት ኖረዋል። ያውም ያለ ጉራ። እስቲ ዛሬ እንኳ ምስጋናውን ለሚገባው እንስጥ። ለንብረት ክፍል።

ደስ ያላችሁ መሥሪያ ቤት ሂዱ። ኮሪደሩን እስከ ጫፉ ጨርሱ፣ ሽንት ቤቱን እለፉ። ትልቅ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት በር ታገኛላችሁ። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። እሳቸውም ዛሬ ለቅሶ ሄደዋል። ዕድል ቀንቷችሁ በሩ ከተከፈተ ቀድሞ የሚቀበላችሁ አቧራው ነው። ከዚያ እነዚያ ሆዳቸው ወደ ኋላ የወጣ ሞኒተሮች፣ ሦስትም አራትም ሆነው ተደራርበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው። ሲፒዩዎቹ ጎናቸው ላይ በነጭ ቀለም፣ በብሩሽ፣ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ቀለሙ ወርዶ የአየር ማስገቢያውን ቀዳዳ ደፍኖታል። ማውሶቹ አንድ ካርቶን ውስጥ በገመዳቸው ተጠላልፈው ተኝተዋል። ከሥራቸው ኳስ የነበራቸው ዘመን ናቸው። ኳሶቹ ግን የሉም። (የጥበቃውን ልጆች ጠይቁ።)

አንድ የፈረንጅ ሰብሳቢ እዚህ ቢገባ ዕንባው ይመጣል። ዕድሜ ልኩን ቢለቅም ይሄን ያህል አይሞላለትም። ለዚያውም የሱ ስብስብ ታሪክ የለውም። ዕቃው በማን እጅ እንዳለፈ አያውቅም። የኛ ግን የገባበት ሞዴል 19 አለ፣ ለማን እንደወጣ የሚናገር ሞዴል 22 አለ፣ የተረካቢ ፊርማ አለ፣ ማኅተም አለ። ተረካቢው ጡረታ ወጥቶ የልጅ ልጅ አይቷል፤ ፊርማው ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው። ዕቃው ራሱ ሞቷል። መዝገቡ ላይ አልሞተም፣ ዋናውም እሱ ነው።

የፈረንጁ ትልቁ ጥፋት ምን መሰላችሁ? ይነካል። እጁ አያርፍም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በወጡ ብዙ ማዘርቦርዶች (የኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ) ላይ ካፓሲተር የሚባሉ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ጥቃቅን ዕቃዎች ጥራት የሌላቸው ተገጥመው ነበር። ጥቂት ሲያገለግሉ ጫፋቸው ያብጣል፣ ፈሳሻቸው ይወጣል፣ ኮምፒውተሩም አልነሳ ይላል። ፈረንጁ ምን ያደርጋል? ያበጡትን አንድ በአንድ ነቅሎ፣ አዲስ በይዶ፣ የሞተውን ያስነሳዋል። ምን ዓይነት ችኩልነት ነው! የኛ ባለሙያ እንዲህ ዓይነት ብልግና ውስጥ አይገባም። ክዳኑን ሳይከፍት፣ ከበሩ ላይ ቆሞ፣ "ቦርዱ ሄዷል" ይላል። ጽፎ ይፈርማል። ኮምፒውተሩም በክብር ወደ ሞኒተሮቹ ይቀላቀላል።

ፕላስቲኩ ቢጫ ሲሆንበት ደግሞ ፈረንጁ እንቅልፍ ያጣል። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ያው ፀጉር ቤት ፀጉር የሚያነጡበት ነው። የኛ መሥሪያ ቤት ግን ቢጫውን እንደ ማዕረግ ያከብረዋል። ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡና ዓይነት እያለ በአገልግሎት ዘመኑ ያድጋል። ከሠራተኛው ይልቅ እሱ ነው የደረጃ ዕድገት የሚያገኘው።

ንብረት ክፍል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ገና ያልሞቱትም ተገቢው ክብር ይሰጣቸዋል። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤክስፒን እ.ኤ.አ. በ2001 አወጣ፣ ሚያዝያ 2014 ላይ "ከዚህ በኋላ አላግዝም" ብሎ እጁን ታጠበ። ውለታ ቢስ! እኛ ግን እንዲህ በቀላሉ ሰው አንከዳም። ያ ኤክስፒ ሲከፈት የሚታየው አረንጓዴ ኮረብታ እስከ ዛሬ በየጠረጴዛው ላይ ይታያል። ፎቶው የተነሳው ካሊፎርኒያ፣ ሶኖማ የሚባል አካባቢ ነው። ብዙዎቻችን ግን ሱሉልታ መስሎን ኖረናል።

እዚህ ላይ ስለ ጸሐፊዋ ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱንና ቀኑን የምትይዘው እሷ ናት። ባትሪዋ ስትሞት ኮምፒውተሩ በየጠዋቱ ማን እንደሆነ ይረሳል። ሲነሳ ጥቁር ገጽ ላይ እንግሊዝኛ ደርድሮ "ለመቀጠል ኤፍ ዋንን ተጫኑ" ይላል። ጸሐፊዋም ትጫናለች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ ዓይኗን ሳታዞር፣ በአንድ ጣት። ዓመት ከዓመት። ከሷ በፊት የነበረችውም እንዲሁ ስትጫን ነበር፤ በርክክቡ ጊዜ ቁልፉን አስረክባት፣ "ኤፍ ዋን በያት" ብላት ሄደች።

ቀኑ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንዳንዱ ሲነሳ 2002 ላይ ነው ያለው። በፈረንጅ አቆጣጠር ብዙ ርቋል። በኛ አቆጣጠር ግን ያን ያህል አይደለም፣ እንደውም ኮምፒውተሩ አገሩን የለመደ ይመስላል። ችግሩ ኢንተርኔቱ ነው። ድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፊኬት አላቸው፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ተጽፎበታል። ኮምፒውተሩ በ2002 እየኖረ የዛሬን ሰርተፊኬት ሲያይ "ይሄ ገና ያልተወለደ ነው" ብሎ በሩን ይዘጋል። መስኮቱ ጋ ለተሰለፈው ሕዝብ ሲነገር ግን ነገሩ ያጥራል፦ "ኔትወርክ የለም፣ ነገ ተመለሱ።" ባትሪዋን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ግን የግዥ ጥያቄ ይፈልጋል፣ ጥያቄው ፊርማ ይፈልጋል፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው። ኤፍ ዋን ግን ፊርማ አትጠይቅም።

ጃፓኖችን ታውቋቸዋላችሁ፣ የጽናት አገር ሲባሉ ሰምተናል። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን እጅ ሰጡ። "ሰነዱ በፍሎፒ ዲስክ (ከፍላሽ በፊት ፋይል ይያዝበት በነበረው ስስ ዲስክ) ይቅረብ" የሚሉ የመንግሥት ደንቦች ነበሯቸው፣ እነሱን ጠራርገው አስወገዱ። አዘንኩላቸው። ፍሎፒው በአንዴ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ቢሆንም ቢያንስ ቫይረሱም ልኩን ያውቅ ነበር። አሁን የኛ ቢሮ ፍላሽ ከአለቃ ወደ ጸሐፊ፣ ከጸሐፊ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲዞር የሚሸከመው ጉድ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ዲያስፖራውም የዚህ በጎ ሥራ ተካፋይ ነው። አሜሪካ ያለው የአክስት ልጅ ሥራ ቦታው ሊጥለው የነበረውን ኮምፒውተር "ለቤተሰብ ይሁን" ብሎ ይዞት ይመጣል። ኤርፖርት ላይ እንደ ታቦት ተይዞ ይወጣል፣ ቤት ሲገባ እልል ይባላል። ከኋላው፣ ገመዱ የሚሰካበት አጠገብ፣ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አለች። የአሜሪካ መብራት ቮልቱ ከኛ ያነሰ ስለሆነ እዚህ ስትመጣ ወደ 230 መዞር አለባት። የአሜሪካው ልጅ አላያትም። እናትዬው አላዩዋትም። ሰኩት። ቡም! ከዚያ በኋላ ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ "ልጄ ከአሜሪካ ያመጣልኝ ነው" ይባላል። ላዩ ላይ የመጣበት ስስ ፕላስቲክ እስከ ዛሬ አልተላጠም።

ወደ ንብረት ክፍል ልመለስ። "ለምን አይጣልም? ለምን አይሸጥም?" የሚል የዋህ አይጠፋም። የኔ ወንድም፣ ኮምፒውተሩ ቢበሰብስ ማንም አይጠየቅም። ቢጎድል ግን ይጠየቃል። አንድ የሞተ ሞኒተር ከመዝገቡ የጎደለ ቀን የንብረት ኃላፊው ደመወዙም ሰላሙም ይነካል። መቶ ሞኒተር አቧራ ሲበላው ግን ኦዲተሩ ቆጥሮ፣ "ልክ ነው" ብሎ፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። እንግዲህ በዚህ ሕግ የሚተዳደር ሰው ምን ያድርግ? ብልህ ሰው የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው። ቆልፎ ይቀመጣል።

ሰኔ 30 ሲደርስ ታዲያ ዓመታዊ ክብረ በዓሉ ይውላል። ቆጣሪዎቹ አፋቸውን በነጠላም በማስክም ሸፍነው ይገባሉ። አንዱ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያስነጥሳል። ባለፈው ዓመት የነበረው ሁሉ ዘንድሮም አለ። ተመስገን። በሩ ይዘጋል። አጥር ተሻግሮ ያለው ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር በዚያው ዓመት ሁሉ ማውስን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስሎ ሲያስተምር ከርሟል። ልጆቹ ማውሱ ጭራ እንዳለው በደንብ ያውቃሉ። ፈተና ላይ ይመጣል።

አንድ ሰው ግን በዚህ ሥርዓት ላይ ያለ ይሉኝታ ያምጻል። ቆራሌው! ጠዋት በየሰፈሩ "ቆራሌው" እያለ የሚዞረው ልጅ ለሞዴል 19 ደንታ የለውም። የተበላሸችውን ነገር ገዝቶ ምናለሽ ተራ ያደርሳታል። እዚያ ደግሞ አንዱ ብሎን ይፈታል፣ አንዱ መዳብ ይለቅማል፣ አንዱ ከሦስት የሞቱ አንድ የሚሠራ ያወጣል። ሜሞሪው አልሠራ ካለ ነቅሎ፣ የወርቅ ቀለም ያለውን ጥርሱን በላጲስ ፈግፍጎ፣ እፍ ብሎ ይመልሰዋል። ይነሳል! ፈረንጁ ለዚህ ነው ጓንት አጥልቆ፣ መብራት አብርቶ፣ ቪዲዮ እየቀረጸ የሚውለው። እኛ ጋ ይሄን የሚሠራው ሰው አድናቂ የለውም፣ ደንብ አስከባሪ ግን አለው።

እንግዲህ ሁሉም መሥሪያ ቤት አንድ አይደለም። አንዱ፣ ስሙ ይቅር፣ በመጨረሻ ቆርጦ ተነሳ። የሚወገዱ ንብረቶችን የሚለይ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው አቧራውን ውጦ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ አንብቦ፣ ዝርዝሩን በኤክሴል አስጻፈ። ሊታተም ሲል መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ ዝርዝሩ የተጻፈበት ኮምፒውተር አልነሳም አለ። ኤፍ ዋንም አልረዳ። ሕግ ሕግ ነውና የተበላሸው ዕቃ ወደ ንብረት ክፍል ተወሰደ።

የአይሲቲ ክፍሉ ልጅ ይሄን ሰምቶ ካቻቢቴ ይዞ ወደ ንብረት ኃላፊው መጣ።

"ጋሼ፣ አራት ብሎን ፈትቼ ሃርድ ዲስኳን ላውጣት። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ፋይሉን አሁኑኑ አገኘዋለሁ።"

"ንብረት ክፍል የገባ ዕቃ አይፈታም ልጄ።"

"ማን ነው ታዲያ የሚፈቅደው?"

"ኮሚቴው ነዋ።"

"እሺ፣ ኮሚቴውን ልጠይቃ።"

"ዝርዝር ካልቀረበለት አይሰበሰብም።"

ጋሼ ይሄን ብለው መዝገባቸውን ከፈቱ። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ የዕቃው ሁኔታ በሚለው ዓምድ ሥር በጥንቃቄ ጻፉ፦ "የማይሠራ። ሰነድ ስላለበት የማይወገድ።"